የሰንበት ጭስ

ከጎንደር ገጠር በጨለማ የወጣን ዕለት አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እማ በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሀል ወደ ቤት ተመልሳ ምድጃውን በውሃ አጠፋች። እንዲህ ናት፤ አገር ቤት ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ሳታጠፋ አትቀመጥም ነበር።

ሱዳን መጠለያው ስንደርስ ሌላ ፍርሃት ጠበቀን። አይሁድ መሆናችን ከታወቀ ወታደሮች ወንዶቹን ይወስዷቸዋል። ቅዳሜ ጭስ የማይወጣበት ድንኳን ደግሞ ወዲያው ይለያል። ስለዚህ እማ በየሰንበቱ እርጥብ ገለባ ታጨስና ባዶ ድስት ትጥድበት ነበር። ታለቅሳለች፤ ጎረቤት ጭሱ ነው ይላል።

እስራኤል ደርሰን ፔታ ቲክቫ ከተማ ስንገባ ኤን ጋኒም ከሚባለው ሰፈር ፎቅ ላይ ቤት ሰጡን፤ ምድጃው ቁልፍ ሲጠመዘዝ የሚበራ፣ ጭስ የሚባል የሌለው። እዚያ የደበቅነውን አይሁድነት እዚህ አላመኑንም! ለመጋባት መጀመሪያ እንደ አዲስ አማኝ ውሃ ውስጥ ጠልቃችሁ ውጡ አሉን። ሕዝቡ ሁለት ሆነ፤ ገሚሱ «ጠልቀን እንገላገል»፣ ገሚሱ «ሞተን እንገኛለን»። እኔ ታጭቼ ነበርና እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቀን ከሃይማኖት ሚስራድ፣ መሥሪያ ቤትን እንዲያ ነው የሚሉት፣ አንድ ሰውዬ ካስተርጓሚ ጋር መጣ። ሰዉ ሁሉ በሕንጻው አዳራሽ ተሰበሰበ። «አንቺ አፍ አለሽ፣ ተናገሪ» ብለው ገፉኝ። እኔ ደግሞ ወሬ እወድ የለ፣ እንዴት ተጨንቀን እንደኖርን ይወቅልን ብዬ የጭሱን ነገር ዘረገፍኩት።

«በሰንበት እሳት አነደዳችሁ?» አለ ሰውዬው።

«ለነፍሳችን ነዋ!»

«ድስቱስ ኮሼር ነበር፣ እንደ ሕጉ የነጻ?»

«ባዶ ነበር፣ ጌታዬ።»

አዳራሹ ተቀወጠ። «ይኸው ሰንበት ሽረናል፣ እንጥለቅ!» ይላል አንዱ። «ዝም በል! ሃይማኖታችንን ለማትረፍ ነው፤ ሁላችንም አጭሰናል!» ይላል ሌላው። ሠርጌንም ሕዝቡንም በገዛ አፌ ያቃጠልኩ መሰለኝ።

ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ተነሡ።

«እኛ አላጨስንም» አሉ ቀስ ብለው። «ባሌ በሰንበት እሳት አይነድም አለ፤ ወሰዱት። ልጅቱ አልዋሸችም፤ ቤቷ የሆነውን ነው የነገረችን። እናንተ ግን ‹ሁላችንም› ስትሉ ባሌን የት አደረጋችሁት?»

እማ አንገቷን ደፋች። ሰውዬው «በሰደር፣ በሰደር» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው፤ «ውሳኔ ጠብቁ» ብሎን ወጣ። የሠርጌን ነገር የሚጠይቅልኝ እንኳ አልነበረም፤ የጋብቻው ፈቃድ እስኪመጣ በር በተንኳኳ ቁጥር እየደነገጥኩ ከረምኩ።

እማ የጭሱን ነገር ዳግመኛ አላነሳችም። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሰንበት ምግቧን ይዛ እትዬ ብርቄ ቤት ትወርድ ነበር። ቅዳሜ ሲመሽ ትመለሳለች።