የእንቁ ወገብ

እንቁ የመጨረሻ ልጇን ያምሮትን ከወለደች ወዲህ ወገቧ ጤና አይቶ አያውቅም። ቁርጥማቱ ከወገቧ ተነሥቶ እስከ ጉልበቷ ይወርዳል፤ ጎንበስ ስትል ይይዛታል፣ ቀና ስትል አይለቃትም። ባሏ ዳኘው ግን አላመናትም። ቁስል የለው፣ እብጠት የለው፣ ምኑን ይመነው! «ሥራ ሲመጣ የሚነሣ በሽታ» እያለ ሰው ፊት ያሳጣት ነበር። እሷም ጥርሷን ነክሳ ውኃዋን ትቀዳለች።

ያመኗት በዝናብ ነው። አንድ ዓመት ጤፍ ሊያበራዩ ሲሉ «ዛሬስ ወገቤ ሌላ ነው፤ ሳይዘንብ አይቀርም» አለች። ሳቁባት። ከቀትር በኋላ አውድማው በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ከዚያ ወዲያ ያቺ የቡሬ ገጠር የእንቁን ወገብ ሳትጠይቅ ክምር ማፍረስ ተወች። ሌሊቱን ሲቆረጥማት ማደሩን ስትናገር ዳኘው ኮራ ብሎ ለጎረቤት ያስተላልፋል። የነፍስ አባቷ ቄስ ኪዳነ ማርያምም «እግዜር ለአገር የሚበጅ ሕማም ነው የሰጠሽ» አሏት። እሷም ምስኪን፣ በከንቱ አልታመምኩም ብላ ተጽናናች። አወይ ሰው! ሕመሟን አመኑና እሷን ረሷት፤ አንድም «ይማርሽ» ያላት የለም።

ዘንድሮ ያምሮት ቡሬ ወስዳ አሳከመቻት። እንቁ ኪኒኑን መዋጥ በጀመረች በሳምንቱ እስኪነጋ ድረስ ተኛች። እንቅልፍ እንዲህ እንደሚጥም ረስታው ነበር፤ ስትነቃ አለቀሰች።

ታኅሣሥ ላይ ጎረቤታቸው ስመኘው መጣ።

«እትየ እንቁ፣ ክምር ልናፈርስ ነበር፤ ወገብዎ ምን ይላል?»

«ተመስገን፣ ምንም አላመመኝ» አለችው። እውነቷን ነው።

ስመኘው ክምሩን አፈረሰ፤ ዳኘውም የራሱን። በማግስቱ ያልታሰበ ዝናብ ያዘና አልለቅ አለ። ጤፉ እዚያው አውድማው ላይ በሰበሰ።

ሰማዩን የወቀሰ ማንም የለም። ዳኘው ቄስ ኪዳነ ማርያም ባሉበት ኪኒኑን ከምትተኛበት አጎዛ ሥር መዥርጦ አወጣው።

«ለአንቺ እንቅልፍ ብለን ዓመቱን ሙሉ ምን ልንበላ ነው?»

«ስለ እመብርሃን ይተዉልኝ! ገና መተኛቴ እኮ ነው!»

ምድጃው ውስጥ ጨመረው። እንቁ ያስጥሏት እንደሆን ብላ ቄሱን አየቻቸው።

«እግዜር የሰጠውን መግፋት ደግ አይደለም፣ ልጄ» አሉና ወጡ።

ወገቧ ብዙም ሳይቆይ እንደ ጥንቱ ያዛት። አንድ ማለዳ ከመደቡ መነሣት አቅቷት «ወይኔ ወገቤን!» ብላ ስትጮኽ ዳኘው ሰማ። ከቤት ሮጦ ወጣና ስመኘውን ተጣራ።

«ተመስገን በል» አለው ፊቱ በርቶ፣ «ተመለሰልን!»