ገደሉን እንዳይ ተልኬ

ከቆሰበር ስነሳ

ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ አወራለሁ፣ ልጄ ጥሩዬ ትጽፋለች። ስህተት ካለ የሷ ነው።

የጥሩዬ ልጅ ውባለም ስሜን ተራራ፣ አውሬ በሚጠበቅበት ፓርክ፣ ሥራ ይዛለች። እናቷ የገደሉን ወሬ ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። «ሄደሽ እይልኝ፤ የሚያሰጋ ከሆነ ይዘሻት ነይ» አለችኝ። ራሷ መኪና ትፈራለች። አሮጊት ብትወድቅ ለቅሶው አጭር ነው ብላ ይሆናል።

ቅቅል ድንች ቋጥሬ በሚኒባስ ባሕር ዳር፣ ከዚያ ጎንደር። እስከዚያ ፍርሃት የለም፤ ትከሻዬ ላይ የሚያንቀላፋውን ጎልማሳ «ሚስትህ ብታይህስ» እያልሁ ስቀሰቅሰው ዋልሁ። ዘመድ ቤት አድሬ በማግስቱ ደባርቅ ገባሁ።

ከደባርቅ ሽቅብ

ውባለም በፓርኩ መኪና ጠበቀችኝ። በደንብ ልብሷ ሳያት ወታደር መሰለችኝ። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ግራ ቀኙ ጅብራ የሚባል ቁመታም ተክል። ከዚያ ጉም መጣና ከፊታችን ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ። በመስኮቴ ቁልቁል ባይ መሬት የለም።

«እማማ፣ አይፍሩ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ» አለኝ ሹፌሩ።

«አንተስ ታውቀዋለህ። እሱ ያውቅሃል ወይ?»

ጎማው ተንሸራተተ። ጠጠሩ ቁልቁል ሲሄድ ሰማሁ፤ ታች ሲያርፍ ግን አልሰማሁም። ዓይኔን ጨፍኜ ጊዮርጊስን ጠራሁ። ሹፌሩን «አውርደኝ» አልሁት። የውባለምን ክንድ ይዤ በእግሬ ሄድሁ። ይዣት እንደምመለስ በልቤ ቆረጥሁ።

ጉሙ ውስጥ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ጠጉራም፣ ደረቱ ቀይ የዝንጀሮ መንጋ ከበበን። እኛ አገር ዝንጀሮ መጣ ማለት ድንቹ አለቀ ማለት ነው፤ በልጅነቴ ማማ ላይ ቆሜ በወንጭፍ ሳባርር ነው ያደግሁት። እጄ አላማከረኝም። መቀነቴን ፈትቼ፣ ድንጋይ አስገብቼ ማሽከርከር ጀመርሁ።

«እምዬ፣ ተይ» ብላ ውባለም እጄን ያዘች። «ጭላዳ ናቸው፤ እኔ የምጠብቃቸው። ከሥራ ታስባርሪኛለሽ።»

«ምን ሊሰርቁ መጡ?»

«ሣር ነው የሚበሉ።»

እውነትም ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። አንዷ ልጇን እንዳዘለች እግሬ ሥር መጣች፤ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሣሯ ተመለሰች። በዕድሜዬ እኔን ያልሸሸ ዝንጀሮ አይቼ አላውቅም። ለካ ያላባረሩት አይሸሽም።

ጉሙ ገለጥ ሲል ዝንጀሮዋ ልጇን ይዛ በገደሉ ወረደች፣ ጓሮዋ እንደምትወርድ። ውባለም ጠርዙ ላይ ቆማ በዓይኗ ሸኘቻት። እግሯ ንቅንቅ አይልም። የሚንቀጠቀጠው የኔ ነው። ከደባርቅ ጀምሮ ለሷ የፈራሁ መስሎኝ ነበር።

ቤት

ጥሩዬ መነኻሪያ ጠበቀችኝ፤ ከኋላዬ ልጇን ፈለገች።

«የት አለች?»

«ሥራዋ ላይ።»

«ገደሉስ? አያሰጋም?»

«እኔን ያሰጋል። እሷን አያሰጋም። ካላመንሽኝ ሄደሽ እይ። መቀነትሽን ግን እንዳትፈቺ።»

አኩርፋኝ ሰነበተች። ይኸው አሁን ስትጽፍ ድንገት ቆም ብላ «የመኪናው የትኛው ወንበር ነው ከገደሉ የሚርቀው?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቄ፤ ስወጣም ስወርድም ጨፍኛለሁ» አልኋት። «ዓይንሽን ከጨፈንሽ ሁሉም አንድ ነው።»