በካሊፐር የተመረጠች ኳስ

ወርክሾፑ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ጋሽ ካሊፐር» ይሉታል። ያቺ የብረት መለኪያ ከደረት ኪሱ ተለይታ አታውቅም። የገዛውን ቡሎን ይለካል፣ የበሩን ማጠፊያ ይለካል፤ ሚስቱ እንደምትለው ዳቦም ቢሆን ውፍረቱን ሳያይ አይጎርስም። ሃያ ስድስት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሞ ብረት ቀርጾ እስካሁን አሥሩም ጣቶቹ አሉ። በዚያ ሙያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለክፍል ኃላፊነት የተግባር ፈተና አለበት። በሦስት ሰዓት ውስጥ ከጥሬ ብረት ጥርስ የወጣለት ዘንግ ሠርቶ ማስረከብ ነው። ከዚህ በፊት ቦታው ሁለት ጊዜ ለሌላ ሰው ሄዷል፤ ከዚህ በኋላ ደግሞ ዕድሜው አያስፈትነውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ቤተሰቡ ቦውሊንግ ይሄዳል። ያስለመዳቸው የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ አውቶቡስ ነጂው ነው። ሚስቱ ወደ መጫወቻው ደረጃውን ሲወርዱ፣ «ሰኞ ፈተና አለብህ፤ ለዛሬ ብትተወውስ?» አለችው።

«ምነው፣ ጣቴ ብርጭቆ ነው እንዴ?»

የመጫወቻ ጫማ የምታከራየው ሴት በምትጠብቀው መደርደሪያ ላይ ኳሶቹ ክብደታቸው ተጽፎባቸው ተደርድረዋል፤ ከስድስት እስከ አሥራ ስድስት ፓውንድ። እያንዳንዱ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱ ለመሃልና ለቀለበት ጣት፣ አንዱ ለአውራ ጣት። በወር ሁለቴ የሚጫወት ሰው የራሱ ኳስ አያስፈልገውም፤ ከመደርደሪያው መምረጥ ካወቀ ይበቃዋል። ክብደቱ ትከሻ አይጎትት፣ ቀዳዳውም ጣት አይያዝ፤ ሌላው የቀለም ምርጫ ብቻ ነው። ጋሽ ካሊፐር ክብደቱን በደንብ መረጠ። አሥራ ስድስቱን አንስቶ መለሰው፣ አሥራ ሦስቱን ደጋግሞ ወዘወዘው፣ ትከሻው ዝም አለ።

ከዚያ ካሊፐሩን አወጣ።

«ሥራ ገባን!» አለ አውቶቡስ ነጂው። «ጋሼ፣ ኳስ ነው የምትመርጠው ወይስ ምራት?»

አውራ ጣቱን ለካ፤ ሃያ አራት ሚሊሜትር ከሦስት አሥረኛ። ቀጥሎ አሥራ ሦስት ቁጥር የተጻፈባቸውን ኳሶች አንድ በአንድ ለካ። ሃያ ስድስት። ሃያ ሰባት። እንደገና ሃያ ሰባት። ጥጉ ላይ የነበረችው ጥቁሯ ኳስ ሃያ አራት ከአምስት ስትሆን ፊቱ በራ።

«እሷ ትጠብዎታለች» አለች ጫማ አከራይዋ። «ሲጫወቱ እጅ ይሞቃል፣ ጣት ያብጣል። ሰፋ ያለ ይውሰዱ።»

«እህቴ፣ ክፍተት ያለው ነገር ይንገጫገጫል። ልክ ማለት ልክ ነው።»

ለብረት ቢሆን እውነቱን ነው።

ከአሥሩ ዙር በመጀመሪያዎቹ አራት ኳሷ እንደ ክር ቀጥ ብላ ሄደች። በሦስተኛው በመስመሩ ጫፍ የቆሙት አሥሩም ፒኖች ወደቁ፣ አውቶቡስ ነጂውም ቀልዱን ዋጠ። በስድስተኛው ጣቱ ከቀዳዳው ሲወጣ እንደ ጠርሙስ ክዳን ጧ አለ። ሚስቱ ሰማች።

«ይብቃህ አንተ ሰው!»

«አራት ዙር ብቻ ነው የቀረው።»

በሰባተኛው አራት እርምጃ ተንደርድሮ እጁን ወደ ፊት ለቀቀ። ሁለቱ ጣቶች ወጡ። አውራ ጣቱ አልወጣም። ኳሷ ክንዱን ይዛ ወደ ፊት ሄደች፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ በግራ እጁ ከሥር ባይደግፋት ኖሮ መገጣጠሚያው ይወልቅ ነበር።

«አልወጣም» አለ። ድምፁ ቀጥኗል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ኳስን ረስተዋታል!» ብሎ አውቶቡስ ነጂው ሳቀ። የአማቹን ፊት ሲያይ ሳቁ ቆመ። «ቆይ፣ አንዴ ልሳባት...»

«እንዳትነካት!» ሚስቱ ጮኸች።

የጣቱ ሥር ወይን ጠጅ መስሏል። ሚስቱ ከጎኑ ተንበረከከች።

«ሰኞ...»

«ሰኞን አታንሺብኝ።»

ጫማ አከራይዋ በረዶ በፕላስቲክ ከረጢት፣ ፈሳሽ ሳሙና በጠርሙስ ይዛ መጣች። ኳሷን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ፤ እሱን ከሥር ወለሉ ላይ። እጁ ከራሱ በላይ ተሰቅሎ፣ መምህር ያላየው ተማሪ መሰለ።

«ደሙ ይውረድ። አይጎትቱ፣ አያጣምሙ፤ ዝም ብለው ይቀመጡ» አለችው።

በረዶውን ሚስቱ የእጅ አንጓው ላይ ያዘች። ሳሙናው በጣቱ ዙሪያ ጠብ ጠብ አለ። በሌሎቹ መስመሮች ፒን በወደቀ ቁጥር ትከሻው ይዘላል። አምስት ደቂቃ። ስምንት ደቂቃ። ጣቱ ደነዘዘ፤ ይህ ከሕመሙ ይልቅ አስፈራው። ከካሊፐርም የረቀቀው መለኪያ፣ ማይክሮሜትር፣ የሚሽከረከረው በአውራ ጣት ነው። የደነዘዘ ጣት ደግሞ አሥረኛውን ቀርቶ ሚሊሜትሩንም አያውቅም።

አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሴትዮዋ «አሁን ቀስ ብለው» ስትለው፣ ጥርሱ የተበላሸ ቡሎን እንደሚፈታ ሰው፣ በጥቂቱ ወደ ቀኝ፣ በጥቂቱ ወደ ግራ አለ። ቆዳው ተላጠ። ከዚያ ሳሙናው አንሸራተተውና ወጣ።

«እጠፈው» አለች ሚስቱ።

ግማሽ ድረስ ታጠፈ።

«ትንሿን ጣትህን ንካ።»

ሕመሙ እስከ ክርኑ ወጣ። ነካት።

አውቶቡስ ነጂው ጥቁሯን ኳስ አቅፎ ወደ መደርደሪያው ወሰዳት፤ ውጤቱን የጠየቀ አልነበረም። ጋሽ ካሊፐር ግን ጫማውን ሲመልስ ሴትዮዋን፣ «ለመሆኑ ስንት ሚሊሜትር መስፋት ነበረባት?» አላት።

«እኔ ሚሊሜትር አላውቅም። ጣትዎን ያስገባሉ፣ ያዞራሉ፣ ያወጣሉ። ሲያወጡ ከተጨነቁ መልሰው ያስቀምጧታል።»

ሰኞ ጣቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ቶርኖው ፊት ቆመ። ብረቱ የሚታሰርበትን የቸኩን ቁልፍ በመዳፉ ገፋ፤ ማይክሮሜትሩን በግራ እጁ ሲያሽከረክር ሁለቴ ተሳስቶ ሁለቴ ደገመ። ይህ ግማሽ ሰዓት በላበት። ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ዘንጉን አስረከበ። ፈታኙ በዘንጉ ጥርስ ላይ መለኪያውን አዞረ፣ ወረቀቱን ገለጠ፣ ሳይቸኩል ጻፈ፣ ፈረመ።

ሚስቱ ስልኳን ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«አለፍኩ» አላት።

«ጣትህስ?»

«ስልኩን በግራ ነው የያዝኩት።»