በጆንያ የታሰረው ሰንሰለት

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ደርግ ነበር፣ እኔም ገና አላገባሁም፤ ይህን ብቻ አውቃለሁ። ትናንት አሰላ ላይ በረዶ ወርዶ የጎረቤቴ መኪና ደጃፉ ላይ ሲንሸራተት ሳይ ነው ነገሩ የተመለሰብኝ።

ያኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር እነዳ ነበር። ደጋው ላይ በረዶ ሲጥል መንገዱ ነጭ ይሆናል፤ ሲረገጥ ደግሞ ጠጥሮ ያንሸራትታል። ለዚያ የጎማ ሰንሰለት ይሰጠናል። ዕቃ ቤቱን የያዘው ይልማ ከአንድ ሳህን የምንበላ ወዳጄ ነው። የዚያን ጠዋት የከብት ክትባት ጭኜ ወደ ጎበሳ ልወጣ ስል አፉ የታሰረ ጆንያ አቀበለኝ።

«ሰንሰለትህ ነው፤ በል ፈርም።»

ከበድ ይላል፣ ብረቱም ይንቃጨላል። በእኛ ዘንድ ወዳጅ አስሮ የሰጠህን ፊቱ ፈትቶ ማየት ነውር ነው። ፈረምኩ።

ከሳጉሬ አልፌ ዳገቱ ላይ በረዶው ያዘኝ። ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ መኪናው ወደ ገደሉ ይሳባል። አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ከማሳቸው ሮጠው መጡ። ጆንያውን እሳቸው ፈቱልኝ፤ የማረሻ ስባሪና ድንጋይ ወጣ።

«ማነው የሰጠህ?» አሉኝ።

«ወንድሜ ነው የምለው ሰው፣ አባቴ።»

«ጠላትህስ ምን ሊሰጥህ ነው?»

ድንጋዩን ታኮ አደረግነው። ከጎማው ንፋስ ቀነስን፣ ሰፋ ብሎ መሬት እንዲይዝ። ከዚያ የቀንበራቸውን የቆዳ ጠፍር ሁሉ አመጡና በቸርኬው ቀዳዳ እያሾለክን ጎማው ላይ ጠመጠምነው፤ ከፊቱም የገብስ ጭድ በተንን። መኪናው እያቃሰተ ወጣ። ጠፍሩ ግን ተበጣጥሶ አለቀ። ወቅቱ የእርሻ ነበር፤ እሳቸው ግን ቁርጥራጩንና ጆንያውን አንስተው ወደ ማሳቸው ተመለሱ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰንሰለቱ ተፈለገ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት የጠፋበት ሰው አሻጥረኛ ይባላል፤ ተይዞ ሄዶ ያልተመለሰም ነበር። ጉዳዩን ለማየት በተጠራው የመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ይልማ እውነቱን ያወጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ፊርማዬን ከፍ አድርጎ አሳየና፣

«ጓዶች፣ በእጁ ነው ያስረከብኩት» አለ። ለካ ሰንሰለቱን ለአንድ እንጨት ነጋዴ አሳልፎ ሰጥቶታል፤ ይህን የሰማሁት ግን ኋላ ነው።

ነገሩ ለሁለት ቀን ተቀጠረ። ሳጉሬ ሱቅ ባለው ሰው በኩል ወደ ገበሬው ላክሁ፤ እሳቸውም እጃቸው ላይ የቀረውን ጆንያ ከነስባሪው ተሸክመው መጡ።

«ይህን የፈታሁት እኔ ነኝ። እሱ ሌባ ከሆነ እኔንም አብራችሁ እሰሩ።»

በማስጠንቀቂያ ተለቀቅኩ። ይልማ ከዚያ በኋላም ምንም እንዳልሆነ ሰላም ይለኝ ነበር፤ ከክሱ ይልቅ የከበደኝ ያ ሰላምታው ነው። ይቅር ብዬው ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ወዳጅ የምለውን ሰው ሁሉ እየተጠራጠርኩ እንዳላረጅ ያደረጉኝ ግን እኒያ ገበሬ ናቸው። ኦቦ ገመቹ ይባሉ ነበር።