የኢንስፔክተር ሠርፀ መርዶ

ሰገነት ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር ውስጥ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አላት። አምስት ዓመት ሙሉ እዚያ ስበላ እንደ እሷ የመርማሪ ልብ ወለድ የሚወድ ሰው አላየሁም። ስለ ገዳዩ ግን ደንታ የላትም። የያዛት ሰውየው ነው፤ ኢንስፔክተር ሠርፀ። ጨጓራውን እያመመው ምሳ ሳይበላ ይውላል፣ ተጠርጣሪውን ሳይቀር አንቱ ይላል፣ ባዶ ቤቱ ገብቶ ካልሲውን ራሱ ያጥባል። ወጥ እያማሰለች "ዛሬም ሳይበላ ወጣ እኮ" ትለኛለች፤ እኔም "ኋላ ይበላ ይሆናል" እላለሁ።

የምሠራው አየር መንገድ ቢሮ ስለሆነ መጽሐፎቹን ከአዲስ አበባ የማስመጣላት እኔ ነኝ። ሰባተኛው ሲመጣ ቀድሜ አነበብኩትና ክው አልኩ። መጨረሻው ላይ ሠርፀ ይሞታል።

እንዴት ይነገራት? እናቷ ደብረ ብርሃን ታመው ተኝተዋል፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ይሰቀላል። መጽሐፉን ደብቄ ለቋሚ ተመጋቢው ለዳምጠውና ጉምቦ ሰፈር ሱቅ ላላት ጓደኛዋ ለበዛብሽ ሰጠሁ። እነሱም አንብበው አዘኑ። "ድንገት ከምታነበው አብረን ሄደን ቀስ አድርገን እንንገራት" አለች በዛብሽ። ዳምጠው ሥራ የሚገባው በጠዋት ስለሆነ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተቀጣጠርን። ሦስታችንም ልጅ ያሳደግን ሰዎች ነን፤ አንዳችንም ምን እያደረግን እንደሆነ አልታየንም።

በሩን ስትከፍት በዛብሽ ነጠላዋን ተከናንባ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ቆመናል። ገብተን ተቀመጥን። የሚጀምር ጠፋ። በመጨረሻ ዳምጠው አንገቱን ደፍቶ "ማሌሽ፣ ሰገነት" አለ። ጁባ ውስጥ ማሌሽ ይቅርታም ነው፣ አይዞሽም ነው።

አንድ በአንድ አየችን። "እማዬ ናት" አለችና ወለሉ ላይ ወደቀች። ደረቷን ስትደቃ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ገና ሳይነጋ ተሰብስበው የሚመጡ፣ ተቀምጠው ዝም የሚሉ ሰዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ እኛ ግን ረሳነው።

"እናትሽ አይደሉም" አልኩ። "የሞተው ሠርፀ ነው።"

"የቱ ሠርፀ?"

"ኢንስፔክተሩ።"

ትመታናለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ይገባንም ነበር። እሷ ግን ስልኳን አንስታ ድምፁን ከፍታ ደወለች። የእናቷ ድምፅ ሲወጣ ወንበሩን ጨብጣ ተቀመጠች።

"ምነው ልጄ፣ አልቅሰሻል እንዴ?"

ሰገነት በበዛብሽ እጅ ላይ ያለውን መጽሐፍ አየችና እንደ አዲስ አነባች። "ሰው ሞቶብኝ ነው፣ እማዬ።"

"የኛ ሰው?"

"አዎ። የኛ ሰው ነው።"

"እኔን። ክርስትና ስሙን ንገሪኝ፤ ቄሱ አሁን ይመጣሉ፣ በጸሎት ያስቡታል።"

ሰገነት ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ክርስትና ስሙ በሰባቱም መጽሐፍ አልተጻፈም።

"ወልደ ገብርኤል" አልኩ። ደንግጬ አፌ ላይ የመጣልኝ የራሴ ነበር።

"ወልደ ገብርኤል" አሉ እናቷ ቀስ ብለው። "ነፍሱን ይማር።"