በወይራ የታጠነ ውሃ

ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ሰው ሁሉ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስን ያውቃል። ዳገቱ ሥር፣ ደጃፋቸው ላይ እንስራ አስቀምጠው መንገደኛ ሲያጠጡ ሃያ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ስለት ነው። ጥርኝ ውሃ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋም፣ እኔ ሌላ ስንቅ የለኝም ይላሉ። ውሃቸው ደግሞ ስም አለው፤ እንስራውን በየማለዳው በወይራ ጢስ ስለሚያጥኑት የቀመሰው ሁሉ ንጹሕ ውሃ የእርሳቸው ነው ይላል። ደህና የሸተተ ነገር ሁሉ ንጹሕ የሚመስለን ብዙ ነን፤ እርሳቸው ብቻ አይደሉም።

ጦርነቱ መጣና መብራት ጠፋ። የከተማው የውሃ ፓምፕ ቆመ፣ ቧንቧው ደረቀ። ተፈናቃዩ ደግሞ ዳገቱ ሥር ሰፈረ። አመተ ጊዮርጊስ ከብት ከሚጠጣበት የገደል ኩሬ እየቀዱ እንስራቸውን ሞሉ። ማጠጣት ማቆም ለእርሳቸው ጸሎት ማቆም ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማኅሌት የውሃ ማከሚያ እንክብል ሰጠቻቸው፤ ለአንድ ጄሪካን አንድ ጨምረው ግማሽ ሰዓት እንዲያቆዩት አስረዳቻቸው። አንድ ቀን ሞከሩት። ሰው በረኪና በረኪና ይላል እያለ ደፋው። ያን ያህል ዘመን የተመሰገነ ውሃ ሲደፋ ማየት አልቻሉም። እንክብሉን ሙዳይ ውስጥ ከተው ወይራውን አበዙት። ኩራት እንጂ ሌላ ምን ይባላል? እግዜር ይቅር ይበላቸው።

ከተፈናቃዮቹ አንዷ ሰብሌ ሁለት ልጆች ነበሯት። የሦስት ዓመቱ እሱባለው የእማማ ውሃ ካልሆነ አልጠጣም እያለ ያስቸግራል። እርሳቸውም በደስታ ጣሳውን ጢም አድርገው ይሰጡታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ልጁን ያስቀምጠው፣ ያስመልሰው ጀመር። ጤና ጣቢያው ባዶ ነበር፤ ማኅሌት የምትሰጠው አጣች። በአራተኛው ቀን ሞተ። ማኅሌት ስለ እንክብሉ ብትጠይቃቸው አመተ ጊዮርጊስ መሬት መሬት አዩ።

በሰልስቱ እንክብል የገባበት ውሃ በጣሳ ይዘው ሰብሌ ዘንድ ሄዱ። እንባቸው ቀደማቸው።

«ልጅሽን የገደለው የኔ ውሃ ነው። መድኃኒቱ ተሰጥቶኝ ሳልጨምርበት ቀረሁ» አሏት።

ሰብሌ እጃቸውን ይዛ ሳመችው።

«ኧረ እማማ፣ እግዜር የወሰደውን እርስዎ ምን ያድርጉት? እስከ ዛሬስ በማን ውሃ ኖረና?»

አመተ ጊዮርጊስ ለተረፈችው ልጅ ይኸን አጠጪያት ብለው ጣሳውን ዘረጉላት። ሰብሌ ቀመሰችው። በረኪናው ሲሸታት ፊቷን አዞረች፤ ግን እንዳይከፋቸው ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ባዶ ጄሪካኗን አንሥታ፣ ልጅቱን በእጇ ይዛ ወደ ኩሬው ወረደች። አመተ ጊዮርጊስ ከኋላ ተጣሩ፤ አልዞረችም።