ቆማ የምትሸጠው

ሻጯ የሐር ሳሪውን ጫፍ ከጫፍ ገጥማ በመዳፏ እየደለደለች ታጥፋለች። ከባንኮው በላይ ቀጥ ብላ ትታያለች፤ ከሥር ግን በባዶ እግሯ ውሃው በረዶ የሆነ ጠርሙስ ታንከባልላለች። በዚህ በሕንዷ ትሪሹር ከተማ ባለ የሠርግ ልብስ መደብር ሻጭ ጫማ አያደርግም፣ አይቀመጥምም። አንገቷ ላይ፣ ለብድር ያስያዘችው የጋብቻ ሐብል በነበረበት ቦታ፣ ጥቁር ክር ብቻ አለ።

ለልጅ ልጃቸው ሠርግ ሊገዙ የመጡት እማማ ካርትያዬኒ ጠርሙሱን አዩት።

"ተረከዝሽን ነው የሚያምሽ?"

"ሳሪ ነው የምሸጠው፣ እማማ። ቀዩ ይሁን አረንጓዴው?"

"እኔንም ይዞኝ ነበር። ጠዋት የመጀመሪያው እርምጃ ሚስማር እንደመርገጥ ነው። ከአልጋ ሳትወርጂ የእግርሽን ጣቶች ወደ ራስሽ ሳቢያቸው።"

"ሐኪሙም ብሎኛል። ተቀመጪም ብሎኛል፤ እሱ መጥቶ ይቁምልኝ እንግዲህ።"

የመደብሩ ተቆጣጣሪ ከወዲያ ሰማ። "አንቺ፣ ያንን ጠርሙስ ሁለተኛ ካየሁት በሩ ያውልሽ።"

ጠርሙሱን በእግሯ ገፋችውና እማማን በጥላቻ አየቻቸው። "ይኸው፣ በእርስዎ ወሬ እንጀራዬን ላጣ ነው።"

እማማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ዓይኔ ደክሟል፤ ቆሜ አልመርጥም። ምንጣፉ ላይ ይዘርጋልኝ።"

ደንበኛ ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ግን፣ በመደብሩ ደንብ ሻጯም አብራ ትቀመጣለች። ተቀመጠች። አላመሰገነችም። እንደተኮሳተረች፣ ሳሪውን እየዘረጋች፣ "ቶሎ አይምረጡ" አለች።

እናንተም እዚያ ከገባችሁ፣ አደራ፣ ምንጣፉ ላይ ይዘርጋልን በሉ።